ዣኔ አስማተኛ አልነበረም፦ «ሰውን በሐሳቡ የሚያስተኛው ዶክተር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«ሰውን በሐሳቡ የሚያስተኛው ዶክተር» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ሰው ሲዞር ሰንብቷል። ስለ ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ሐኪም ፒየር ዣኔ ነው። በአማርኛ ስለዚህ ሰው መጻፉ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ሥነ ልቦና ተምሮ የተመረቀ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ የቪየናውን ሐኪም ፍሮይድን እንጂ ዣኔን አያውቅም። ግን ጽሑፉን አንብቤ ስጨርስ የታየኝ ሰውዬ ዣኔ አይደለም፣ የሰርከስ አስማተኛ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዣኔ አንዲትን ሴት ከሩቅ ሆኖ በሐሳቡ ብቻ ያስተኛት ነበር፣ ሳይንስ ግን ነገሩን ደበቀው ይላል። ሂፕኖሲስን፣ ማለትም ሰውን በንግግር እንቅልፍ መሰል ሁኔታ ውስጥ ማስገባትን፣ የተማረው ከታላቁ የፓሪስ የነርቭ ሐኪም ከሻርኮ ነው ይላል። በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው መዋሸት ስለማይችል ዣኔ የተቀበረውን እውነት ሁሉ እየቆፈረ ያወጣ ነበር፣ ሰይጣን ያደረበትን ሰው ፈውሶም የመንፈስ ነገር በሙሉ ቅዠት መሆኑን አረጋግጧል ይላል። ፍሮይድ ሥራውን እንዳለ ሰረቀው፣ ሂፕኖሲስ ማጭበርበር መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ዣኔም አብሮ ተረሳ። መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የተካነ ሰው ማንንም በሂፕኖሲስ ወንጀል ማሠራት ይችላል።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ላይ ተአምር የነበረው ሂፕኖሲስ ወደ መጨረሻው ማጭበርበር ሆኖ ቁጭ አለ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና አስፈሪ ኃይል ሆነ። ጸሐፊው ሦስቱን እንዴት እንዳስታረቁት አላውቅም። ለማንኛውም አንድ በአንድ እንሂድ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሩቅ ስለማስተኛቱ እንጀምር። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደለም። ዣኔ በ1859 ፓሪስ ተወለደ፤ ፍልስፍና አጥንቶ በ1883 ሌሃቭር በምትባል የወደብ ከተማ የፍልስፍና መምህር ሆነ። ለዶክትሬቱ የሚሆን ጉዳይ ሲፈልግ ዶክተር ዢቤር የሚባል የከተማው ሐኪም ሌኦኒ ከምትባል ሴት ጋር አገናኘው። ሌኦኒ የገጠር ሴት ናት፣ በቀላሉ ሂፕኖሲስ ውስጥ የምትገባ። ዢቤርና ዣኔ በ1885 እና በ1886 እሷ ካለችበት ቤት ርቀው፣ ሰዓት መርጠው፣ በሐሳባቸው «ተኚ» እያሉ ሞከሩ። ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ ተሳኩ ተባለ። ሪፖርቱ ፓሪስ ሄዶ ሻርኮ በሚመራው የሥነ ልቦና ማኅበር ፊት ቀረበ። ከዚያማ ሰው ወደ ሌሃቭር ጎረፈ። ከእንግሊዝ ፍሬደሪክ ማየርስ መጣ፣ ከፓሪስ ደግሞ በኋላ በ1913 የሕክምና ኖቤል የተሸለመው ሻርል ሪሼ ነገሩን ተከታተለ። ገና 26 ዓመቱ የነበረ የሊሴ መምህር ድንገት ስሙ በየአገሩ መነሳት ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ ጸሐፊውና እኔ አንጣላም። ጸሐፊው ግን ያቆሙት ዋናው ነገር የሚጀምርበት ቦታ ላይ ደርሰው ነው። ዣኔ በዝናው አልሰከረም፤ ይልቁንም ተጠራጠረ። ሌሎች ስለ ሙከራው የጻፉትን ሲያነብ በትክክል ያልሰፈረ ነገር በዝቶበት ተበሳጨ። በሙከራ ጊዜ ሰው ሲሰበሰብ፣ ሁሉም እየጠበቀ ሲያያት፣ ሴትዮዋ ምን እንደሚፈለግባት ከአካባቢው ሁኔታ ልታውቅ እንደምትችል ገባው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስለ ሌኦኒ የቀድሞ ሕይወት ሲጠይቅ የሰማው ነው። ዣኔ ከማግኘቱ ከብዙ ዓመት በፊት ሌሎች ሰዎች «በማግኔት» አስተኝተዋታል። ስለዚህ አዲስ ግኝት ነው ብሎ ከተደነቀባቸው ነገሮች ብዙዎቹ እሷ ከድሮ ጀምሮ የለመደቻቸው ነበሩ!

ዣኔ እዚህ ላይ ያደረገውን ነገር ወድጄለታለሁ። ቤተ መጻሕፍት ገባና በማግኔት እናክማለን ይሉ የነበሩትን የማግኔታይዘሮችን የተረሱ መጻሕፍት መቆፈር ጀመረ። ጉዳዩ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ቪየናዊው ሜስመር ፓሪስ ገብቶ በሰው አካል ውስጥ የማይታይ የማግኔት ፈሳሽ አለ እያለ ያክም ነበር። በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ያቋቋመው ኮሚሽን፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቯዚዬ ያሉበት፣ ነገሩን ፈትሾ ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም፣ የሚሠራው የሰው ምናብ ነው አለ። በዚያው ዓመት የሜስመር ተማሪ የነበረው ማርኪ ደ ፑይሴጉር ደግሞ ቪክቶር የሚባል ገበሬ ሲያክም አንድ እንግዳ ነገር አየ፦ ሰውየው እንደመተኛት አለ፣ ግን ያወራል፣ ይመልሳል፣ ሲነቃ ምንም አያስታውስም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጀምስ ብሬይድ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከማግኔት ነጥሎ ዛሬ የምናውቀውን ስም እስኪሰጠው ድረስ ስድሳ ዓመት ያህል ይህ ሁሉ ሲታይና ሲጻፍ ነበር። ዣኔ ሲያነበው አብዛኛው እሱ ያየው ነገር ነው። ሌላ ወጣት ቢሆን መጻሕፍቱን ዝም ብሎ መደርደሪያቸው ላይ ይመልሳቸው ነበር። ዣኔ ግን እነዚህ ሰዎች ቀድመውናል ብሎ ጻፈላቸው።

ከዚያ በኋላ ለራሱ ሦስት ደንብ አወጣ። ታካሚን ያለ ተመልካች ብቻውን ሆኖ ማየት። ታካሚው የሚለውንና የሚያደርገውን ሁሉ እዚያው በብዕር መመዝገብ። የታካሚውን ያለፈ ሕይወትና ከዚህ በፊት ያገኘውን ሕክምና በሙሉ አጥርቶ መጠየቅ። ሦስቱም ከሌኦኒ የተወለዱ ናቸው። «ሳይንስ ደበቀው» የሚሉት ጸሐፊ ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነበር። ሙከራው በወቅቱ በፈረንሳይ የፍልስፍና መጽሔት ታትሟል፣ እንግሊዞቹም ጽፈውታል፣ የደበቀው የለም። ትቶት የሄደው ራሱ ዣኔ ነው።

ቀጥሎ፣ «ከሻርኮ ተማረ» የሚለው። ይህንን ቶሎ እንለፈው፣ ቀኑን ማየት ብቻ ይበቃል። ዣኔ ስሙን ያስጠራለትን የዶክትሬት ጽሑፍ ፓሪስ ባለው የሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው በ1889 ነው። የጻፈው ሌሃቭር ሆኖ ነው፣ እያስተማረ፣ በትርፍ ሰዓቱ ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ እያየ። ሐኪሞቹ የሰጡትን ክፍል በቀልድ «ቅዱስ ሻርኮ» ይለው ነበር፤ ለፓሪሱ ትልቅ ሰው ያለው አክብሮትና ትንሽ ፈገግታ አብረው የሚታዩበት ስም ነው። ሻርኮ ወደ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ጠርቶ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ የሰጠው ከዚያ በኋላ፣ በ1890 ነው። ሕክምና ተምሮ የጨረሰው ደግሞ በ1893 ነው፤ በወሩ ገደማ ሻርኮ ሞተ። ሻርኮ በ1882 ሂፕኖሲስ ሦስት ቋሚ ደረጃ አለው፣ የነርቭ ሕመምተኞች ጉዳይ ነው ብሎ ለሳይንስ አካዳሚው ሲያስረዳ፣ ናንሲ ከተማ ያሉት ሊየቦና በርንሃይም ደግሞ የለም፣ ሁሉም ነገር ሰው ስለተነገረው የሚሆን ነው ብለው ይከራከሩት ነበር። የዣኔ የሌሃቭር ታካሚዎች ከሻርኮ ሦስት ደረጃ ጋር አልገጠሙለትም። ይህንንም አልደበቀም። የሻርኮ ሠራተኛ ሆነ ማለት ትክክል ነው፤ የሻርኮ ቅጂ ነው ማለት ግን አይደለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነጥብ ልምጣ። «በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው አይዋሽም፣ ዣኔ የተረሳውን እውነት ያወጣ ነበር።» ጸሐፊው ለዚህ ማስረጃ ያደረጓት ማሪ የተባለችውን ታካሚ ነው። ማሪን ማስረጃ ማድረግ! ከዣኔ ታካሚዎች ሁሉ ይህንን ሐሳብ አፈር ድሜ የምታስገባው እኮ ማሪ ናት።

ማሪ የ19 ዓመት ልጅ ናት። ከገጠር ሌሃቭር ሆስፒታል ስትመጣ አብዳለች ተብላ ነው። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፣ ትጮኻለች፣ ትቃዣለች። በመሃል ደግሞ ሌላ ፍርሃት ይነሳባታል። ግራ ዓይኗ አያይም፣ የግራ ፊቷም አይሰማትም። ዣኔ ለወራት ሲከታተላት ምንም አልገባውም ነበር። በሂፕኖሲስ ሆና ግን ታሪኩን አወራችው። 13 ዓመቷ ላይ የመጀመሪያ የወር አበባዋ ሲመጣ አፍራ፣ ለማቆም ብላ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ ገብታለች። ደሙ ቆመ፣ እሷ ግን ተንዘፈዘፈች፣ ለቀናት ቃዠች። ሌላ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከደረጃ ወድቃ ስትሞት አይታለች። ስድስት ዓመቷ ላይ ደግሞ ግራ ፊቱ በቁስል ከተሸፈነ ልጅ ጋር በግድ እንድትተኛ ተደርጋለች። የታወረው ዓይኗና የደነዘዘው ፊቷ በየትኛው ጎን እንደነበር አስታውሱ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ «እውነቱ ወጣ፣ ልጅቷም ዳነች» ብለው ያልፋሉ። አይደለም። ማሪ የዳነችው እውነቱ ስለወጣ ብቻ አልነበረም። ዣኔ ትዝታዋን ስለለወጠው ነው። በሂፕኖሲስ ወደ 13 ዓመቷ መለሳትና የወር አበባሽ ያለ ምንም ችግር ሦስት ቀን ቆይቶ አለቀ አላት። አሮጊቷ ተደናቀፈች እንጂ አልሞተችም አላት። ወደ ስድስት ዓመቷ መልሶም ልጁ ምንም ቁስል የለበትም፣ ጥሩ ልጅ ነው ብሎ አሳመናት፤ እሷም የሌለውን ልጅ ያለ ፍርሃት ዳበሰችው። ዓይኗ ማየት ጀመረ።

እና እስቲ አስቡት። አንድ ሐኪም በሂፕኖሲስ ውስጥ ላለች ልጅ ያልሆነውን ሆነ፣ የሆነውንም አልሆነም ብሎ ነግሯት እሷ አምና ከተቀበለች፣ ያውም ሰውነቷ ድረስ ከተቀበለች፣ ሂፕኖሲስ የእውነት መርፌ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ነገሩ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ለሚነገረው ነገር ክፍት ነው፣ ከዚያም የተነገረውን የራሱ ትዝታ አድርጎ በሙሉ እምነት ያወራዋል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1985 ጉዳዩን መርምሮ በሂፕኖሲስ «የታደሰ» ትዝታ ካለ ሂፕኖሲስ ከሚታወስ የበለጠ አስተማማኝ አይደለም ያለው በከንቱ አይደለም። እዚያው አገር ብዙ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ምስክርነት ላይ ገደብ ጥለዋል። ሰዎች እንዲህ በተፈጠረ የሐሰት ትዝታ ዘመዳቸውን የከሰሱበት፣ ቤተሰብ የፈረሰበት ዘመን አልፏል። ስለዚህ «ሂፕኖሲስ ያደረገ ሰው አይዋሽም» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ስለ ዣኔም የራሴን ልበል። የማሪን ትዝታ መለወጡ ልቤን አይሞላውም። ልጅቷ ተፈወሰች፣ ደስ ይላል፤ ግን ስለ ራሷ ሕይወት ውሸት ተሰጣት፣ ፈቃዷን ማንም አልጠየቃትም። ዛሬ አንድ ባለሙያ ይህን ቢያደርግ የሥራ ፈቃዱን ይነጠቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዣኔን ከዘመኑ ባለሙያዎች የሚለየው ግን ያደረገውን ሳይደብቅ በዝርዝር መጻፉ ነው። ዛሬ ቁጭ ብለን ልክ አይደለህም የምንለው እሱ ራሱ ስለነገረን ነው። ጀስቲን የምትባል ኮሌራ የምትፈራ ሌላ ታካሚም ነበረችው፤ በቅዠቷ የምታያቸውን ራቁታቸውን የሆኑ ሬሳዎች በሂፕኖሲስ ልብስ እያለበሰ፣ አንዱንም አስቂኝ የቻይና ጄኔራል እያደረገ ፍርሃቷን ቀስ በቀስ ሸረሸረው። ያን ሁሉ ከጻፈ በኋላም ተፈወሰች ብሎ እጁን አላጠበም። አንዱ ፍርሃት ሲጠፋ ሌላው ብቅ ይል ነበርና፣ ታካሚዋ በእሱ ላይ ጥገኛ መሆኗም ያሳስበው ነበር፣ ለዓመታት ተከታተላት። አስማተኛ እንዲህ አይጽፍም።

ሰይጣን ስላደረበት ሰው። ዣኔ አሺል ብሎ የሰየመው የ33 ዓመት ሰው በ1890 መገባደጃ ላይ ሳልፔትሪየር መጣ። ለሥራ ከቤቱ ወጥቶ ሲመለስ ዝም አለ፣ ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ ሰይጣን ገባብኝ ማለት ጀመረ፤ ይሳደባል፣ በሌላ ድምፅ ይናገራል፣ ይሮጣል። ዣኔ ሂፕኖሲስ ሊያደርግበት ቢሞክር አልሆነም። ከዚያ ያደረገው ነገር ያስቀኛል። እርሳስ አሺል እጅ ላይ አስቀመጠና ከጀርባው ቆሞ በሹክሹክታ ለሰይጣኑ ጥያቄ ማቅረብ ጀመረ። እጁ ሰውየው ሳያውቀው መልስ ጻፈ። ዣኔም ሰይጣን መሆንህን አላምንም፣ እስቲ ኃይልህን አሳየኝ፣ ይህን ሰው ያለ ፈቃዱ አስተኛው አለው። ሰይጣኑ እልህ ያዘውና አስተኛው! ሂፕኖሲሱ በዚያ በር ገባ። ከዚያ ታሪኩ ወጣ፦ በጉዞው ላይ በሚስቱ ላይ ወስልቷል፣ እንዳይናገር ሲጨነቅ ሲጨነቅ ያ ሁሉ መጣ። ዣኔ ሰይጣኑን አላባረረውም። ጸጸቱን ነው ያከመው፤ ሚስቱ ይቅር ስትለው እንዲያይ አደረገው።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ዛርም፣ ጸበል የሚወጣበት መንፈስም ቅዠት ብቻ መሆኑን ዣኔ አረጋግጧል» ይላሉ። ኧረ የት ላይ? ዣኔ ጎንደርን አላየ፣ ስለ ዛር አልጻፈ። ስለ አንድ ሰው፣ በአንድ ሆስፒታል፣ ምን እንዳገኘ ነው የጻፈው። ማመንም አለማመንም የናንተ ነው፣ የሱን ስም ግን ማኅተም አታድርጉት። ዣኔ በወጣትነቱ እምነቱን ያጣ ሰው ቢሆንም በአማኞች ላይ አይቀልድም ነበር፤ ማድሌን ብሎ የጠራትን፣ የክርስቶስን ቁስል የመሰለ ቁስል በሰውነቷ ላይ ይወጣባት የነበረችን ሴት ለዓመታት ተከታትሎ ከ1926 ጀምሮ በሁለት ቅጽ ጽፎላታል።

«ፍሮይድ ሰረቀው» ወደሚለው እንምጣ። ይህ ነገር ሰው ይወደዋል። ትልቁን ሰው ሌባ ማድረግ ያስደስታል መሰለኝ። በከፊል መሠረት አለው። ሰው ያላወቀው ሐሳብ፣ ከአንድ መጥፎ ገጠመኝ ተነጥሎ ከንቃተ ህሊናው በታች ተቀምጦ፣ ሕመም ሆኖ እንደሚወጣ ዣኔ በ1889 አሳትሟል። የቪየናው ሐኪም ብሮየርና ፍሮይድ ተቀራራቢ ነገር ያሳተሙት በ1893 እና በ1895 ነው። ያኔ ዣኔን ጠቅሰውታል። በኋላ ግን የፍሮይድ ወገን ስሙን እያሳነሰ ሄደ።

ሌላው ወገን ደግሞ ይኸውና። ብሮየር «አና ኦ» የተባለችውን ታካሚ ያከማት ከ1880 እስከ 1882 ነው። ያኔ ዣኔ ገና ተማሪ ነበር፣ ሌኦኒንም አላወቀም። የታተመው ዘግይቶ ነው፣ ሕክምናው ግን ቀድሟል። ጸሐፊው «ፍሮይድ ሳልፔትሪየር እያለ ከዣኔ ሥር ተምሮ» ያሉት ደግሞ ጭራሽ ሊሆን የማይችል ነው። ፍሮይድ ፓሪስ የነበረው ከጥቅምት 1885 እስከ የካቲት 1886 ነው። ዣኔ በዚያ ጊዜ ሌሃቭር ውስጥ ሌኦኒን እያስተኛ ነበር! እኔ እዚያ ሳለሁ የዣኔ ስም አይነሳም ነበር ብሎ ፍሮይድ የጻፈው ስለዚህ እውነት ነው።

ከስርቆቱ በላይ መነሳት ያለበት የሐሳብ ልዩነታቸው ነው። ለዣኔ ሰው የሚታመመው የአእምሮው ጉልበት ሲደክም ነው፤ ከባድ ነገር ሲገጥመው ከሌላው ሕይወቱ ጋር ሊያዋህደው አቅም ያጣል፣ ያ ነገር ተነጥሎ በራሱ መኖር ይጀምራል። ለፍሮይድ ግን አእምሮ ደካማ ሳይሆን ተዋጊ ነው፣ የማይፈልገውን ገፍቶ ወደ ታች ይደፍቀዋል። በ1913 ለንደን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ ዣኔ ቀዳሚው እኔ ነኝ አለ፤ የፍሮይድን የሕልም ትርጓሜና ሁሉን ነገር ወደ ወሲብ መመለሱንም አጥብቆ ነቀፈ። በአንድ ወቅት ፓሪስ ውስጥ የዣኔን ትምህርት የተከታተለው ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ዩንግ ደግሞ ተነስቶ ለፍሮይድ ወገን ተሟገተ። ቂሙ አልበረደም። በ1937 ዣኔ ቪየና ሄዶ ፍሮይድን ሊጠይቀው ፈልጎ ፍሮይድ አልቀበልም አለ። ሁለቱም ከ75 በላይ ናቸው። የሁለት ሽማግሌዎች ኩርፊያ ነው እንግዲህ፣ እንዲህ ነው ታሪኩ።

ሂፕኖሲስ ማጭበርበር ሆኖ ስለተገኘ ተረሳ የሚለውስ? ሻርኮ በነሐሴ 1893 ሲሞት ሂፕኖሲስ ፓሪስ ውስጥ ከፋሽን መውጣቱ እውነት ነው። የገዛ ተማሪው ባቢንስኪ ሂስቴሪያን፣ ያኔ አካላዊ ምክንያት ላልተገኘለት የነርቭ ሕመም የተሰጠውን ስም፣ በሙሉ በመነገር ብቻ የሚመጣና በመነገር የሚጠፋ ነገር አደረገው። በ1910 የሳልፔትሪየር ኃላፊ የሆነው ደዠሪን ደግሞ ዣኔን አልፈለገውም፣ ከቦታው አጣው። ዣኔ ከ1902 እስከ 1934 ያስተማረው ኮሌዥ ደ ፍራንስ ውስጥ ነው። ክብሩ ትልቅ ነው፣ ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከቢኔ ጋር ተወዳድሮ ያገኘው ወንበር ነው፤ ግን እዚያ ትምህርቱ ለማንም ክፍት ነው፣ ዲግሪ የለም፣ ታማኝ ተማሪ የሚያፈራ አሠራር አይደለም። ፍሮይድ ማኅበር መሠረተ፣ መጽሔት አወጣ፣ ከሐዲ አባረረ። ዣኔ ምንም አልመሠረተም። በ1947 ሲሞትም ከአምስት ሺህ በላይ የሚሆነው የታካሚዎቹ መዝገብ የነሱን ምስጢር ለመጠበቅ እንዲቃጠል አዝዞ ነበርና ተቃጠለ። ለታሪክ ጸሐፊዎች ኪሳራ ነው፣ ለታካሚዎቹ ግን ከዚህ በላይ ምን ይደረግላቸዋል።

ሂፕኖሲስ ራሱ ግን አልሞተም። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው በ1958 ለሕክምና እንደሚያገለግል ተቀበሉት። በ1959 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋይትዘንሆፈርና ሂልጋርድ ሰው ለሂፕኖሲስ ያለውን ዝግጁነት የሚለካ መለኪያ ሠሩ፤ ሂልጋርድ ከዚያ በኋላ ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ በግልጽ ከዣኔ የተነሳ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከ2008 ጀምሮ መድኃኒት ለዓመት ሞክረው ላልተሻላቸው የአንጀት ቁጣ ሕመምተኞች ሂፕኖሲስን ከአማራጮች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ዣኔን ደግሞ የሥነ አእምሮ ታሪክ ጸሐፊው ኤለንበርገር በ1970 ባሳተመው ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ከተቀበረበት አወጣው። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣ ሕመም ቦታ ሲሰጥ፣ በጦርነትና በጥቃት የተጎዱ ሰዎችን የሚያክሙ ባለሙያዎች ወደ ኋላ ዞረው ማንበብ ጀመሩ። ያገኙትም ዣኔን ነው።

የቀረው የወንጀሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ዣኔ ራሱ ስለዚህ የተረከው አንድ ነገር አለ። ሳልፔትሪየር ውስጥ ዳኞችና ፕሮፌሰሮች በተሰበሰቡበት አንዲት ታካሚ ሂፕኖሲስ ተደረገላትና ግደዪ ተባለች። በውሸት ጩቤ ወጋች፣ በውሸት ሽጉጥ ተኮሰች፣ የውሸት መርዝ አጠጣች። ክፍሉ «በሬሳ» ሞላ። ታላላቆቹ ሰዎች ተደንቀው ወጡ። የቀሩት ወጣት ተማሪዎች ትንሽ መሳቅ አሰኛቸውና፣ አሁን ብቻሽን ነሽ፣ ልትታጠቢ ነው፣ ልብስሽን አውልቂ አሏት። ያን ሁሉ ሰው ያለ ሐፍረት የገደለችው ሴት በኃይለኛ የሂስቴሪያ ግርሻ ተነስታ እምቢ አለች። መግደሉ ጨዋታ መሆኑን አንዱ የአእምሮዋ ክፍል ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ልብስ ማውለቁ ግን ጨዋታ አልነበረም።

ክርክሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በ1889 ፓሪስ ውስጥ ጉፌ የሚባል የፍርድ ቤት አስፈጻሚ ተገድሎ ሬሳው ሊዮን አካባቢ ተጥሎ ተገኘ። ገዳዮቹ ሚሼል ኤሮና ጋብሪኤል ቦምፓር ናቸው። በታኅሣሥ 1890 ችሎት ላይ የናንሲው የሕግ ፕሮፌሰር ሊየዥዋ ቦምፓር በሂፕኖሲስ ታዝዛ ነው ያደረገችው ብሎ ለረጅም ሰዓት ተከራከረ። የፓሪስ ሐኪሞች አይደለም አሉ። ፍርድ ቤቱም አላመነውም። ኤሮ በየካቲት 1891 በጊሎቲን ተቀጣ፣ ቦምፓር 20 ዓመት ተፈረደባት። ጸሐፊው «ማንንም ወንጀል ማሠራት ይቻላል» ሲሉ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ ካላቸው በስምና በዓመት ይጻፉልን፤ እኔ በበኩሌ አነባለሁ።